ገደል ላይ ያቆምኳት በቅሎ

በሕይወቴ አንድ ጊዜ በቅሎ ገደል ላይ አቁሜ አውቃለሁ። በቅሎዋ ምንም አልሆነችም፤ መቆሟንም አላወቀችም። የተጎዳሁት እኔ ነኝ። የሚገባኝን ያህል አልተጎዳሁም ብለው የሚከራከሩ ወዳጆች ግን አሉኝ፤ ታሪኩን ስትጨርሱ እናንተም ከነሱ ጋር ትሰለፉ ይሆናል።

ጌትነት እባላለሁ። ደባርቅ ውስጥ፣ ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ፣ ፎቶ ቤት አለኝ። ፎቶ ቤት ስላችሁ ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። አንዲት ክፍል፣ አንድ ሰማያዊ መጋረጃ፣ አንድ ዱካ፣ ሰዎች ከመነሳታቸው በፊት ፀጉራቸውን የሚያስተካክሉባት የተሰነጠቀች መስታወት፣ በቃ። እንጀራዬ የመታወቂያና የፓስፖርት ፎቶ ነው። ለፓስፖርት የሚነሳ ሰው ሁለቱም ጆሮው መታየት አለበት፤ ስለዚህ ቀኑን ሙሉ የማደርገው ነገር የሰው ጆሮ ማየት ነው። ይህን የጆሮ ነገር ያዙልኝ፤ በኋላ ያዋርደኛል።

ደንበኛ በማይኖር ሰዓት ላፕቶፔን ከፍቼ ተራራ እቀጥላለሁ። እንዴት መሰላችሁ፣ በሰሜን ተራሮች እየዞርኩ ያነሳኋቸው ብዙ ፎቶዎች አሉኝ። ከሳንቃ በር ገደሉን፣ ከግጭ ጅብራ የሚባለውን ረጅም የደጋ ተክል፣ ከሊማሊሞ ደመናውን እወስድና አንዱን በአንዱ ላይ እደርበዋለሁ። እያንዳንዱ ድርብ ሌየር ይባላል፤ ስስ ወረቀቶችን ደራርቦ ከላይ ሆኖ እንደማየት ነው። የማልፈልገውን እሸፍናለሁ፣ የምፈልገውን አስቀራለሁ፤ እግዜር ስድስት ቀን የፈጀበትን እኔ ከምሳ በፊት እጨርሳለሁ። ቀንዱ ወደ ደመና የሚበተን ዋልያ ሠርቻለሁ። ጋማው ፏፏቴ ሆኖ የሚወርድ ጭላዳ ዝንጀሮ ሠርቻለሁ። ከሰማይ ተዘቅዝቆ የበቀለ የጅብራ ጫካም ሠርቻለሁ። ፌስቡክ ላይ ስለጥፋቸው ግን የምታደንቀኝ የአክስቴ ልጅ ብቻ ነበረች፤ እሷም ሠርጓን በነጻ ስላነሳሁላት ነው።

ከዚያ የበቅሎዋን ፎቶ ሠራሁ። ከገደሉ ወጣ ባለች አንዲት ጠባብ ድንጋይ ላይ ዳማ በቅሎ ብቻዋን ቆማ የምትጠልቀውን ፀሐይ ታያለች፤ ከጎኗ አንድ ጅብራ፣ ከሥሯ ጉም። በቅሎዋ ከአንድ ቦታ፣ ድንጋዩ ከሌላ ቦታ፣ ፀሐይዋ ከሦስተኛ ቦታ የመጡ ነበሩ። ያምር ነበር፤ በዚህ እንኳን ትሕትና አላበዛም። ችግሩ እውነት መምሰሉ ነው። አንድ ሰው ከሥሩ "እንዴት አድርገህ አገኘሃት?" ብሎ ጻፈ። "ቆራርጬ ለጠፍኳት" ብሎ መመለስ የአንድ መስመር ሥራ ነበር። እኔ ግን ጣቴን ምን እንደነካው አላውቅም፣ "ሦስት ቀን ሙሉ ብርድ ላይ አድፍጬ" ብዬ መለስኩ። ለነገሩ ብርድ ነበር፤ በሱቄ በር ሥር ነፋስ ይገባል።

ከዚያ ወዲያ ነገሩ ከእጄ ወጣ። ፎቶውን ሰው ይቀባበለው ጀመር። የማላውቃቸው ሰዎች የትዕግሥት ምሳሌ አደረጉኝ። ቡይት ራስ ያለ አንድ ሎጅ በር የሚያህል አሳትሞ ምግብ አዳራሹ ውስጥ ሰቀለው። ጎንደር ውስጥ የፎቶ ኤግዚቢሽን የሚያዘጋጁ ሰዎች መጥቼ ስለ ሦስቱ ቀናት እንድናገር ጋበዙኝ። ሰው በጠየቀኝ ቁጥር እኔም ዝርዝር እጨምር ነበር፤ በሁለተኛው ቀን ክብሪቴ ረጠበ፣ በሦስተኛው ቀን ጅብ መጣ። ጅቡን ራሴም ማመን ጀምሬ ነበር።

በየካቲት አንድ ቀን ጠዋት መምህር አዱኛን ዱካው ላይ አስቀምጬ አገጩን ከፍ ዝቅ አስደርገው ነበር። አዱኛ የዳባት ልጅ ነው፤ ደባርቅ የሚያስተምር፣ የኔን ሦስት ቀን ለተማሪዎቹ እየተረከ የጽናት ትምህርት የሚሰጥ ሰው። በሩ ላይ አንድ አዛውንት ቆሙ። ጋቢ ለብሰዋል፣ ዱላ ይዘዋል፣ ትከሻቸው ላይ የተጠቀለለ ወፍራም ገመድ አንግተዋል። ገመድ ይዞ ፎቶ ለመነሳት የሚመጣ ሰው አይቼ አላውቅም። እንዴት አደራችሁን፣ የቤተሰቡን ደኅንነትና የከብቱን ሁኔታ አንድ በአንድ ጠይቀው ሲያበቁ "ጌትነት አንተ ነህ?" አሉኝ።

"አዎ አባቴ፣ ይግቡ።"

"በቅሎዬን ያየሃት አንተ ነህ አሉኝ።"

አያ ታከለ ይባላሉ፤ የአምቢኮ ሰው ናቸው። ራስ ደጀንን ለሚወጡ ቱሪስቶች በቅሎ የሚያከራዩ ገበሬዎች ተራ አላቸው፤ ስምህ ሲደርስ በቅሎህን ይዘህ ትቀርባለህ። የሳቸው በቅሎ ሸጊት ጥቅምት ላይ ከግጦሽ ሜዳ ጠፋች። ያለ በቅሎ ተራ የለም፤ እስከ ፋሲካ በቅሎ ይዞ ያልቀረበ ደግሞ ስሙ ከመዝገቡ ይፋቃል። አንዴ የተፋቀ በስተርጅና ተመልሶ አይገባም። ተራ አስከባሪዎቹን ትንሽ ቀን ይጨምሩልኝ ብለው ለመለመን ቡይት ራስ ድረስ መጥተው ሎጁ በር ላይ ሲጠብቁ፣ በመስኮቱ ሲያዩ፣ ሸጊት ግድግዳው ላይ ቆማለች።

ይህን ሲነግሩኝ ድምፃቸው ረጋ ያለ ነበር።  ያኔውኑ "አባቴ፣ ይቅር ይበሉኝ፣ ፎቶው የተቀነባበረ ነው" ማለት ነበረብኝ። አዱኛ ግን ዱካው ላይ ሆኖ ያዳምጣል። ከመንገድ ማዶ ጫማ የሚጠርገው ልጅና ሁለት የባጃጅ ሾፌሮችም በሩ ላይ ተደርበዋል። አፌን ስከፍት የወጣው "አዎ፣ ከቡይት ራስ አልፎ ወደ ሳንቃ በር ሲሄዱ ገደሉ ላይ ነው ያየኋት" የሚል ነበር።

"በሕይወት?"

"በሕይወት።"

አዱኛ እኔን የጠቀመኝ መስሎት "ሦስት ቀን ሙሉ ጠብቆ ነው ያነሳት" አለ።

አያ ታከለ ወደኔ ዞሩ። "ሦስት ቀን ሙሉ ከበቅሎዬ ጋር ከርመህ አንዲት ገመድ አልጣልክላትም?"

  መልሴን ሳይጠብቁ ገመዱን እሳቸው እንዳመጡት፣ እኔ ቦታውን ባሳያቸው እንደሚበቃ ነገሩኝ። አሁን ሥራ ላይ ነኝ ልል ስል አዱኛ ከዱካው ተነስቶ የኔ ፎቶ ነገም ይደርሳል፣ ሂድ አለኝ። የባጃጁ ሾፌር ወደ ላይ የሚወጣ የጭነት መኪና እንዳለ ተናገረ። ሰፈሩ በሙሉ ጥሩ ሰው ሆኖ አስቸገረኝ።

ከመኪናው ጀርባ ከሲሚንቶ ጆንያ ላይ ተቀመጥን። አያ ታከለ ከጋቢያቸው ጫፍ ቆሎ ፈተው እኩል አካፈሉኝ። መንገዱን ሙሉ ስለ ሸጊት ይጠይቁኝ ጀመር፤ ልጁን አዳሪ ትምህርት ቤት ያስገባ አባት እንደሚጠይቅ።

"ምን ትበላ ነበር?"

"ሣር" አልኩ።

"እዚያ ገደል ላይ ሣር አለ?"

"ትንሽ ትንሽ።"

"ውሃስ?"

"ጤዛ ትልስ ነበር።"

ራሳቸውን ነቀነቁ። "ጎብዛለች። ቤቷ ሳለች የምንጭ ውሃ ካልሆነ አትጠጣም ነበር።"

 አንዴ ጤዛ ያላስኳትን በቅሎ እንዴት አድርጌ ልመልሳት? ከመኪናው መዝለልን አሰብኩ። እግሬ ቢሰበር ይሻላል ወይስ ስሜ ብዬ ከልቤ አመዛዘንኩ፤ መኪናው ደግሞ ዳገቱን ያለ ርኅራኄ ወጣው።

ተስፋዬ ምስጋናው ነበር። ምስጋናው የፓርኩ ስካውት ነው፤ ጠመንጃውን አንግቶ ቱሪስት ያጅባል፣ ያንን ገደል ከቤቱ ጓሮ በላይ ያውቀዋል፤ የልብ ወዳጄም ነው። በቅሎ አይደለም ዝንጀሮ እዚያ ድንጋይ ላይ እንደማይቆም፣ ሰው በገመድ መውረድም ክልክል እንደሆነ ይናገራል፤ አያ ታከለም ተስፋ ቆርጠው ይመለሳሉ፤ እኔም ሳልዋሽም ሳልጋለጥም እድናለሁ። ቡይት ራስ ስንደርስ በአንድ ዓይኔ እየጠቀስኩ ነገሩን አስረዳሁት። ምስጋናው የፊቱን ቆዳ እንኳ ሳያንቀሳቅስ "ይቻላል፤ አንድ ገመድ ይበቃል" አለ።

"ክልክል አይደለም እንዴ?" አልኩት፣ ሁለቱንም ዓይኖቼን እየጠቀስኩ።

"ለሰው ነው እንጂ ለበቅሎ የሚከለክል ደንብ አላየሁም።"

ጓደኝነታችንን እዚያው በልቤ ሰረዝኩት። ከሰዓት በኋላ ገደሉ አፋፍ ስንደርስ ግን ጉሙ ከታች ተነስቶ ዓለምን ሸፍኗት ነበር። አፍንጫችን ብቻ ነው የሚታየን። ጉሙን ባቅፈው ደስ ባለኝ፤ አያ ታከለ ግን እንግዲህ ነገ ጠዋት ነው አሉና ወደ ስካውቶቹ ጎጆ ተመለስን። ያን ሌሊት እንቅልፍ እንዳልወሰደኝ መናገር አያስፈልገኝም። ስንት ጊዜ ልናገር ተነስቼ ስንት ጊዜ ተመልሼ እንደተኛሁም አልቆጠርኩም።

ጠዋት ሰማዩ ጥርት ብሎ ነበር፤ ለቱሪስት ቢሆን ኖሮ የሚጸለይለት ዓይነት ጠዋት። አያ ታከለ ወደ ምሥራቅ ዞረው ጸሎታቸውን አደረሱ። ከዚያ ገደሉ አፋፍ ላይ ካለች አንዲት የአስታ ዛፍ ላይ የገመዱን አንድ ጫፍ አሰሩ፣ ሌላውን ወገባቸው ላይ አዞሩ፤ ይህን ሁሉ ሲያደርጉ ቀስ ብለው ነው፣ እጅግ ቀስ ብለው። ጋቢያቸውን አጥፈው ሰጡኝ። ምናልባት ሳልመለስ ብቀር ለሚስቴ ስጣት አሉ። የዘር ገብሱ ከመኝታዋ አጠገብ ባለው ጎታ ውስጥ እንደሆነ፣ ሸጊት ብቻዋን ብትወጣ ደግሞ ከኋላዋ እንዳልቆም፣ እንደምትራገጥ ነገሩኝ። ትንሽ ራቅ ብሎ አንድ የጭላዳ መንጋ ሣር እየነጨ ያየናል።

እስካሁን የፈራሁት ስለ ራሴ ስም ነበር። ጋቢው እጄ ላይ ሞቆ ሲቀር ግን የሆነ ነገር ከውስጤ ተቆረጠ። እኚህ ሰው ሊሞቱ ነው፤ የሚሞቱት ደግሞ እኔ ላይክ ስለምወድ ነው። ይህን ስታስቡት ያስቃል፤ እዚያ አፋፍ ላይ ሆናችሁ ግን አያስቅም።

"ያቺን ፎቶ እስቲ አንዴ" አሉ። ምስጋናው ስልኩን አወጣ። አያ ታከለ ስልኩን ከዓይናቸው አርቀው ያዙት።

"ሸጊትን ውርንጭላ ሳለች ጅብ ጆሮዋን ነክሷት ነበር። ጫፉ የለም። ቀኝ ጆሮዋ ነው" አሉ። "እዚህ ላይ ግን የጎደለው ግራዋ ነው። ማን አዛወረው?"

እኔ ነኝ ያዛወርኩት። በቅሎዋ ወደ ፀሐይዋ እንድታይ ፎቶዋን ገልብጬዋለሁ፤ ሲገለበጥ ቀኙ ግራ ይሆናል። ቀኑን ሙሉ ጆሮ የማይ ሰውዬ የጆሮዋን ጫፍ መጉደል እንኳ አላስተዋልኩም ነበር።

"ደግሞ ይኸው፣ ጅብራው ጥላውን ወደዚህ ጥሏል። በቅሎዬ ወደዚያ" አሉ ቀጥለው። "እዚህ ቦታ ስንት ፀሐይ ነው ያለው?"

 እሳቸውም ስልኩን ለምስጋናው መለሱና "ይሁን፤ ወርጄ አየዋለሁ" ብለው በጀርባቸው ዞሩ። አንድ እግራቸውን ከአፋፉ አወረዱ። ሁለተኛውን ሊያስከትሉ ሲሉ ገመዱ ላይ ተቀመጥኩበት። መያዝ አላልኩም፤ ተቀመጥኩበት ነው ያልኩት፣ በሁለት እጄም ሣሩን ጨብጬ።

"አያ ታከለ፣ የለችም" አልኩ።

"ማን?"

"ሸጊት። እዚህ ቦታ ቆማ አታውቅም። እኔ ነኝ ያቆምኳት። ሦስት ቀን የሚባል ነገርም የለም፤ ሱቄ ውስጥ ሆኜ ነው የሠራኋት። ፀሐይዋ ሁለት የሆነችውም በኔ ነው። ይውጡ አባቴ፣ በማርያም ይውጡ።"

እንባዬ መጥቶ ነበር፤ ንፍጤም። አያ ታከለ ግማሽ አካላቸው ከአፋፉ በታች እንዳለ ክርናቸውን ሣሩ ላይ አስደግፈው ለትንሽ ጊዜ አዩኝ። 

"ምን ያህል ትዘገያለህ አንተ ልጅ" አሉ። "እግሬ ደነዘዘ እኮ።"

ምስጋናው ጠመንጃውን መሬት ላይ አስቀምጦ ሆዱን ይዞ ይስቅ ጀመር። ጎንበስ ብዬ አየሁ። ከአፋፉ በታች፣ ሁለት ክንድ ያህል ዝቅ ብሎ፣ ሣር ቆራጮች የሚመላለሱበት ሰፊ እርከን አለ። አያ ታከለ እሱ ላይ ቆመዋል፤ አልጋ ዘርግቶ ለመተኛትም ይበቃል። ያንን ገደል መቶ ጊዜ አንስቼዋለሁ፤ እርከኑ ውበቱን ስለሚቀንስብኝ መቶውንም ጊዜ ቆርጬ አውጥቼዋለሁ።

ለካ ሽማግሌውና ምስጋናው የተመካከሩት ገና ከትናንት በስቲያ ነው፣ አያ ታከለ ፎቶውን ሎጁ ውስጥ ባዩ ዕለት። አያ ታከለ ወጥተው ከጎኔ ተቀመጡና ጋቢያቸውን ከእጄ ወሰዱ።

"በቅሎ የት እንደምትቆምና የት እንደማትቆም ለኔ ይነገራል?" አሉ። "ገና ሳያት አውቄዋለሁ። ግን በቅሎዋ የኔ ናት፤ አንተም በዓይንህ አይተሃታል። የት እንዳየሃት ነው የምፈልገው። ሱቅህ ውስጥ ብጠይቅህ በሰው ፊት ገደል ላይ ነው ትለኛለህ ብዬ ነበር፤ አልከኝም። እዚህ ግን ከጭላዳ በቀር ማን ያይሃል?"

ተናደድኩ? መጀመሪያ አዎ። ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ አጥቼ አድሬ ነበር። ቀጥሎ ግን አፈርኩ፤ እንዲህ ያለ እፍረት ከልጅነቴ ወዲህ አልደረሰብኝም። ከእፍረቱ ሥር ደግሞ ትዝታው መጣ። ኅዳር ላይ ለሠርግ ሥራ ዳባት ሄጄ ነበር። የገበያ ቀን ነበር፤ የከብት ተራው ጋ ጥሩ ብርሃን ያረፈባት አንዲት በቅሎ አይቼ እግረ መንገዴን አነሳኋት።

"ዳባት" አልኩ። "ኅዳር ላይ። ገበያው ውስጥ።"

እስካሁን ሲያሾፉብኝ የነበሩት ሰውዬ ክንዴን ጨብጠው ያዙኝ። "ማን ይዟት ነበር?" አሉ።

"አላስታውስም። አንድ ሰው ገመዷን ይዞ ነበር መሰለኝ። ፎቶውን ሲያበላሽብኝ አጠፋሁት።"

"ሌባዬን?"

"ሌባዎን።"

ደባርቅ ስንደርስ መብራት ጠፍቶ ነበር፤ የላፕቶፔ ባትሪ ደግሞ ከሞተ ዓመት አልፎታል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሦስታችን ሱቅ ውስጥ ተፋጠን ተቀመጥን፣ ሦስተኛው መምህር አዱኛ ነው፤ ትናንት የተወውን ፎቶ ሊነሳ መጥቶ። አዱኛ ድሮ ለሚያውቀው ጀግና እንደሚደረገው ብርዱ እንዴት ነበር ብሎ ጠየቀኝ። ሁሉንም ነገርኩት። "ጅቡስ?" አለኝ። ጅቡም የለም አልኩት። ለጅቡ ነው ይበልጥ ያዘነው።

መብራት ሲመጣ ፎቶውን ከነሌየሮቹ ከፈትኩ። ፀሐይዋን አጠፋኋት። ጉሙን፣ ጅብራውን፣ ድንጋዩን አንድ በአንድ አነሳሁ። ሸጊት ምንም በሌለበት ባዶ ላይ ቆማ ቀረች፤ አያ ታከለ እንዲህ ስትቆም ታስፈራለች አሉ። ገለበጥኳት። የተቆረጠው ጆሮ ወደ ቀኝ ሄደ። "አሁን እሷ ናት" አሉ፣ ድምፃቸው ቀጠነ።

የቀረው ሰውየው ነበር። ደግነቱ በዚህ ሥራ ጎበዝ ሰው ምንም ነገር አይፍቅም፤ ይሸፍናል እንጂ። ሽፋኑን በብሩሽ ቀስ እያልኩ ማንሳት ጀመርኩ። መጀመሪያ ገመድ የያዘ እጅ መጣ፣ ቀጥሎ የቡኒ ኮት እጅጌ፣ ቀጥሎ ትከሻ፣ መጨረሻ ላይ አረንጓዴ ኮፍያ ያደረገ ወፍራም ፊት። በገዛ እጄ የሸፈንኩት ሰውዬ ፈገግ ብሎ ያየናል። አያ ታከለ አያውቁትም። አዱኛ ግን ከኋላችን ተንጠራርቶ አየና "ይሄማ የኛ ሰፈር ደላላ ነው" አለ።

አያ ታከለ ዱካው ላይ ቁጭ አሉና በጋቢያቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ።  እኔ ያንን ፎቶ አትሜ ስሰጣቸው ያተምኩት ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው እንደጠቀመ ተሰማኝ፤ ደስታ እንዳልለው እፍረቱ አልለቀቀኝም።

ደላላው ፎቶውን ሲያይ ብዙም አልተከራከረም። ሸጊት እዚያው ዳባት አንድ ምንም የማያውቅ ነጋዴ ቤት እህል ወደ ወፍጮ ቤት ትጭን ነበር። ሽማግሌ ተቀመጠ፣ ደላላው ገዢውን እንዲክስ ተፈረደበት፣ በቅሎዋ ለባለቤቷ ተመለሰች። አያ ታከለ ከበሩ ሆነው አንዴ ሲጠሯት ያቺ ጫፍ የለሽ ጆሮ ቀጥ አለች። እኔም ይቅርታ የሚመስል ነገር ተሰምቶኝ ጠጋ ስል የካሜራ ቦርሳዬን ነክሳ አንዱን ማንገቻ በጠሰችው። አልተቀየምኳትም። ፋሲካ ሳይደርስ አያ ታከለ በቅሎ ይዘው ተራቸው ላይ ቀረቡ።

ለጎንደሮቹ እውነቱን ጻፍኩላቸው፤ ግብዣው ቀረ። ፌስቡክ ላይም ጻፍኩ፤ የተሰደብኩትን ስድብ ብሰበስብ መዝገበ ቃላት ይወጣው ነበር። የሎጁ ባለቤት ብቻ ምንም አልመሰላትም። ለግድግዳው ልክ ስለሆነ አላወርደውም አለች።

እናንተ ይህን የምታነቡ ሰዎች፣ ማቀነባበር ያቆምኩ እንዳይመስላችሁ። አሁንም ጭላዳ ላይ ፏፏቴ አወርዳለሁ፤ ነገር ከነገር ማጣመር ደስ ይለኛል፣ ኃጢአትም አይመስለኝም። ያስቸገረኝ ሥዕሉ አልነበረም፤ ከሥዕሉ ሥር የጻፍኳት አንዲት መስመር ናት። ደግሞ አንድ ነገር ተለውጦብኛል። ፎቶ ሳነሳ ዳር ላይ ቆሞ የሚያበላሽብኝን ሰው እንደ ቆሻሻ ማየት ትቻለሁ። ማን እንደሆነ፣ በእጁ ምን እንደያዘ አያለሁ። ለዚህ ነው ሁሉንም ነገር ሳልቆርጥ የማስቀምጠው፤ እናንተም ስልካችሁ ሲሞላ ለመደምሰስ አትቸኩሉ።

ከወር በኋላ አያ ታከለ ሸጊትን እየሳቡ ሱቄ በር ላይ መጡ። ያቺን ድንጋይ መልሰህ አምጣት አሉኝ። ሸጊትን አቁምባት፣ እኔን ደግሞ ላይዋ አስቀምጠኝ። ጆሮዋ ቀኝ ይሁን፣ ፀሐይዋም አንድ ትሁን። ጥላው እንዲገጥም በስንት ሰዓት መነሳት እንዳለባቸው የነገሩኝም እሳቸው ናቸው። ከጓሮዬ አንስቻቸው ሁለት ሳምንት ሠራሁት፤ እንደዚያ የለፋሁበት ሥራ የለም። ከሥሩም በወፍራም ፊደል "ከአራት ፎቶዎች የተቀነባበረ" ብዬ ጽፌ በምስጋናው እጅ ላክሁላቸው።

ግንቦት ላይ ለሥራ አምቢኮ ስሄድ ቤታቸው ጋበዙኝ። ፎቶው በፍሬም ሆኖ ምሰሶው ላይ ተሰቅሏል። ከሥሩ የጻፍኳት መስመር ግን የለችም፤ በቢላ ቀጥ ተደርጋ ተቆርጣለች። ገርሞኝ ሳያቸው "ፍሬሙ አጠረኝ" አሉ። ጎረቤቶቻቸው ቤቱን ሞልተውታል፤ አያ ታከለም እንዴት በገመድ ወርደው ሦስት ቀን ሙሉ ጤዛ ሲልሱ ከርመው ሸጊትን ጋልበው እንደወጡ ይተርካሉ። ሦስት ቀኔን ከነጤዛው ወስደውብኛል። አንድ ጎረቤት ወደኔ ዞሮ ጠየቀኝ፤ ያነሳኸው አንተ ነህ አሉ፣ እውነት ነው?

 አያ ታከለ ክርናቸውን ጉልበታቸው ላይ አስደግፈው፣ ያኔ ከአፋፉ ሥር ሆነው እንዳዩኝ አድርገው ያዩኛል።

"ውሸት ነው" አልኩ። "አራት ፎቶ ነው፤ እሳቸውን ያነሳኋቸው ጓሮዬ ውስጥ ነው።"

ቤቱ በሳቅ ሞላ፤ ለካ ሁሉም ያውቃል። አያ ታከለ ግን አልሳቁም። ጠጋ ብለው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ።

"ተሻልክ" አሉ። "ዛሬ አልዘገየህም።"